የሰሜን ብርሃንን አቢስኮ ላይ ለማየት የትኛውን የትንበያ መሣሪያ ልመን?

ጥያቄ፦ የስቶክሆልሟ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። በማርች ወር ሁለተኛ ሳምንት እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እርሷንና ልጆቼን ይዤ በሌሊቱ ባቡር ወደ ሰሜን ስዊድን ለመሄድና ለጥቂት ምሽቶች አቢስኮ ለማደር ቦታ ይዣለሁ። የጉዞው ዋና ዓላማ የሰሜን ብርሃንን ማየት ስለሆነ ካሁኑ መከታተልን ልለማመድ ብዬ ስልኬ ላይ የተለያዩ መተግበሪያዎችን ጫንኩ፤ ይሁንና ለአንድ ምሽት የሚነግሩኝ ነገር ፈጽሞ አይገናኝም። አንደኛው «ኬፒ 2 ነው፣ ዕድልዎ ዝቅተኛ ነው» ይለኛል፤ ሌላው ለዚያው ሰዓት በስካንዲኔቪያ ሰሜን ላይ ደማቅ አረንጓዴ ቀለበት ያሳየኛል፤ ሌላው ደግሞ በየወሩ ካልከፈልኩ ማስጠንቀቂያ አይልክልኝም።

የጠየቅኳቸው ሰዎች ሁሉ «ውጭ ቆሞ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም» ይሉኛል። እናቴ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጉልበቷንም ያማታል፤ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ በሆነ ብርድ ሰዓታት ሙሉ ላቆማት አልችልም። የምፈልገው እርሷ ቤት ውስጥ ሻይዋን እየጠጣች እኔ ሁኔታውን ተከታትዬ «አሁን ውጪ» የምልበትን ሰዓት በተቻለ መጠን ለይቼ ማወቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግል፣ ቢቻል ክፍያ የማይጠይቅ መሣሪያ ብትጠቁሙኝ፣ አነባበቡንም ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ምላሽ፦ ኪሩና ነዋሪ

እኅቴ፣ እናትዎን በሰላም ያግኙ፤ የመረጡት ቦታም ወሩም መልካም ነው። መተግበሪያዎቹ የማይስማሙት እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ስለሆነ ነው። ኬፒ የሚባለው ከ0 እስከ 9 የሚደርስ ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከተመረጡ 13 የምድር መግነጢስ መለኪያ ጣቢያዎች በየሦስት ሰዓቱ የሚሰላ ሲሆን፣ ይፋዊውን አኀዝ የሚያወጣው ፖትስዳም የሚገኘው የጀርመን የምድር ሳይንስ ምርምር ማዕከል ነው። በግርድፉ ሲታይ ቁጥሩ የሚነግረን ኦሮራ፣ ማለትም የሰሜን ብርሃን፣ የሚታይበት ቀለበት ምን ያህል ወደ ደቡብ እንደ ወረደ ነው። አቢስኮ ደግሞ ከ68 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ፣ ከዚያው ቀለበት ሥር ያለች መንደር ናት። ኬፒ 1 ወይም 2 በሆነበት ተራ ምሽት ብርሃኑ ከራስዎ በላይ ሊውለበለብ ይችላል፤ እንዲያውም ኃይለኛ የመግነጢስ ማዕበል በሚነሣበት ጊዜ የቀለበቱ ደማቅ ክፍል እኛን አልፎ ወደ ደቡብ የሚሄድበት አጋጣሚ አለ። «ዕድልዎ ዝቅተኛ ነው» የሚለው ፍርድ ለስቶክሆልም ወይም ለለንደን ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለአቢስኮ ግን ዋጋ የለውም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

አረንጓዴው ቀለበት ኦቬሽን ከሚባል ስሌት የሚወጣ ነው። ይህን ካርታ በአሜሪካ ቦልደር ከተማ የሚገኘው የሕዋ አየር ጠባይ ትንበያ ማዕከል በነፃ ያወጣዋል፤ የሚተነብየውም ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ላለው ጊዜ ብቻ ነው። ይህ የጊዜ ገደብ የመጣው ከመለኪያዎቹ አቀማመጥ ነው። የፀሐይን ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈልቀውን የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጅረት፣ የሚለኩት ሳተላይቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1997 የመጠቀችው ኤስ፣ ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቀው እንዲቆሙ የተደረጉ ናቸው። ነፋሱ በሰከንድ 400 ኪሎሜትር ሲጓዝ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ በሰከንድ 700 ኪሎሜትር ሲሆን ደግሞ ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ «ዛሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ይወጣል» ብሎ ከቀትር በኋላ በእርግጠኝነት የሚነግርዎ ማንኛውም መተግበሪያ ከሚያውቀው በላይ እየተናገረ ነው።

ከሳተላይቶቹ መረጃ አንዲት ቁጥር ብቻ ልከታተል ካሉ ቢዜድ የምትባለውን ይያዙ። የፀሐይ ነፋስ ተሸክሞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዘንበሉን የምታሳየው እርሷ ናት። ቁጥሯ ከዜሮ በታች ሲሆን መስኩ ወደ ደቡብ አዘንብሏል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከምድር መስክ ጋር ይጋጠምና የነፋሱ ኃይል ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ከዜሮ በታች 5 ናኖቴስላ (የመግነጢስ መስክ መለኪያ አሃድ) ላይ ደርሳ ለግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ከቆየች እናትዎ ካፖርታቸውን መልበስ ይጀምሩ። ወዲያና ወዲህ የምትዋልል ከሆነ ግን ሻይው ይቀጥል።

ከዚህ የሚበልጠው ምስክር ግን የምድርን መግነጢስ መስክ የሚለካው ማግኔቶሜትር ነው፤ ምክንያቱም ትንበያ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ እየሆነ ያለውን የሚለካ መሣሪያ ነው። የስዊድን የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም እዚያው አቢስኮ ውስጥ የመለኪያ ጣቢያ አለው፤ እዚህ ኪሩና የሚገኘው የስዊድን የሕዋ ፊዚክስ ኢንስቲትዩትም የራሱን መለኪያ ግራፍና ሰማዩን ከአድማስ እስከ አድማስ የሚያነሣውን ካሜራ ምስል በድረ ገጹ ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል። ለጥ ብሎ ሲሄድ የቆየው መስመር በድንገት በመቶ የሚቆጠር ናኖቴስላ ቁልቁል ከወረደ፣ ከ100 ኪሎሜትር ከፍታ በላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት እየፈሰሰ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ከሆነ ብርሃኑ በዚያው ቅጽበት እየታየ ነው ማለት ነው።

ለእናትዎ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የብርሃኑን ጠባይ ማወቅ ይመስለኛል። ኦሮራ ሌሊቱን ሙሉ በእኩል መጠን አይበራም። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ደብዘዝ ያለና ጸጥ ያለ ቅስት በሰማዩ ላይ ይዘረጋል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይቸኩል ወደ ደቡብ ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ ሳይታሰብ ይፈነዳና ሰማዩን ሞልቶ ለደቂቃዎች ይወዛወዛል፤ በመጨረሻም ተበታትኖ እንደ ጉም ያለ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ይቀራል። ከአንዱ ፍንዳታ እስከ ሌላው ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ልጆቹ ወይም እርስዎ በየሩብ ሰዓቱ በር ከፍታችሁ ሰማዩን ብታዩና ቅስቱን ስታገኙ እናትዎን ማልበስ ብትጀምሩ፣ ለዋናው ትርኢት በቂ ጊዜ ይኖራችኋል። በእኛ አካባቢ ይህ ፍንዳታ የሚዘወተረው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ21:00 እስከ 01:00 ባለው ጊዜ ነው።

ስለ ክፍያው ብዙ አልልም፤ የሚከፈልባቸው መተግበሪያዎች አብዛኞቹ ይህንኑ ነፃ መረጃ አስጊጠው የሚያቀርቡ ናቸው። በቤልጅየም በጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ስፔስዌዘርላይቭ የተባለው ገጽ የዘረዘርኩትን አብዛኛውን ነገር በአንድ ቦታ ያሳይዎታል።

ምላሽ፦ ትሮምሶ ያለሁ

የኪሩናው ወንድማችን የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። በዚህ ኬክሮስ ሰው ብርሃኑን ሳያይ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ስለ ሰነፈች ሳይሆን ደመና ስለ ሸፈነበት ነው። ስለዚህ በየምሽቱ መጀመሪያ የሚከፈተው ገጽ የደመና ትንበያ መሆን አለበት፤ ሰማዩ እንደሚከፈት ካወቁ በኋላ ቢዜድና ማግኔቶሜትር ይከተላሉ።

ለደመና የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም ከአገሪቱ ብሔራዊ ማሰራጫ ጋር በመተባበር የሚያወጣውን ይር የተባለውን ገጽ እጠቀማለሁ፤ ለስዊድንም ይሠራል። በዝርዝር ሠንጠረዡ ውስጥ ደመናውን በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ንብርብር ለያይቶ በመቶኛ ያሳያል፤ አብዛኛው ሰው ግን አጠቃላዩን ቁጥር ብቻ አይቶ ተስፋ ይቆርጣል። ከፍተኛው ንብርብር 80 በመቶ ሆኖ ዝቅተኛው ባዶ ከሆነ ቀጭኑን ደመና አልፎ ደማቅ ኦሮራ ሊታይ ይችላል። ዝቅተኛው ንብርብር 80 በመቶ ከሆነ ግን የዓለም ታላቁ ማዕበል ቢነሣ እንኳ የሚያዩት ቢበዛ አረንጓዴ የመሰለ ደመና ነው። የሳተላይት ምስል ሲመለከቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሌሊቱ ምስል የሚነሣው በሙቀት ልኬት ስለሆነ፣ በክረምት በረዶ የለበሰው መሬትና ዝቅተኛው ደመና ተቀራራቢ ቅዝቃዜ ሲኖራቸው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል።

አቢስኮ በዚህ ረገድ የታደለች ናት። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ አየር በኖርዌይ ድንበር ያሉትን ተራሮች ሲወጣ ዝናቡንና በረዶውን እዚያው ያራግፍና ወደ አቢስኮ የሚወርደው ደርቆ ነው። በዓመት የምታገኘው ዝናብና በረዶ በውኃ ሲመተር 300 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በምዕራብ ከ40 ኪሎሜትር በማይበልጥ ርቀት ያለችው ሪክስግሬንሰን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወርድባታል። ከቶርነትሬስክ ሐይቅ በላይ ያለው ሰማይ ዙሪያው ተሸፍኖ እያለ ክፍት ሆኖ ስለሚገኝ ሰዎች «ሰማያዊው ቀዳዳ» ይሉታል። ሰፊ ቦታን የሚያሰሉ የትንበያ ስሌቶች ይህችን ቀዳዳ ሁልጊዜ አያገኟትም፤ ስለዚህ ትንበያው «ደመናማ» ቢልም በአቢስኮ ከተተከሉት ቀጥታ ከሚያስተላልፉ ካሜራዎች አንዱን ከፍተው ከዋክብት መኖራቸውን ያረጋግጡ። ከማንኛውም ስሌት ይልቅ በካሜራው ላይ የታየ አንድ ኮከብ ይታመናል።

እኛ በኖርዌይዋ ትሮምሶ ያለን ሰዎች ባሕሩ ደመና ሲያመጣብን በመኪና ወደ ስኪቦትን ወይም ድንበር ተሻግረን ወደ ፊንላንዷ ኪልፒስየርቪ እንሸሻለን። እርስዎ በባቡር ስለሚመጡ ይህ አማራጭ ላይኖርዎ ይችላል፤ መኪና ከተከራዩ ግን ወደ ኪሩና የሚወስደው የኢ10 መንገድ ወደ 100 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነና በበረዶ ነፋስ ጊዜ የሚዘጋበት አጋጣሚ ስላለ፣ ከመነሣትዎ በፊት የስዊድን የትራንስፖርት አስተዳደርን የመንገድ ሁኔታ ገጽ ይመልከቱ። ኑዎልያ ተራራ ላይ 900 ሜትር ከፍታ ያለውን የኦሮራ መመልከቻ ጣቢያ ብዙ ሰው ያወድሰዋል፤ ነገር ግን የሚወጣው በክፍት የገመድ ወንበር ስለሆነ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አልመክርም። ከማረፊያ ቤታችሁ አጠገብ ከመብራት ራቅ ያለ፣ ሰማዩ በሰፊው የሚታይበትን ስፍራ በቀን ብርሃን አስቀድማችሁ ብትመርጡ ይበቃል።

የስቶክሆልሟ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያላችሁትን በወረቀት ጽፌ ይዤዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ከአሁኑ ሆኜ ከምንቆይባቸው ምሽቶች የትኛው እንደሚሻል የምገምትበት መንገድ ይኖር ይሆን? ሁለተኛው፣ ሰሜን ላይ ባይቀናን እናቴ ወደ አገሯ ሳትመለስ እዚሁ ስቶክሆልም የማየት ዕድል ቢፈጠር በምን አውቃለሁ?

ምላሽ፦ ኡፕሳላ ተማሪ

እኅታችን፣ የሳምንታት ትንበያን በተመለከተ ያለው አንድ ደካማ ፍንጭ ነው። ፀሐይ ከምድር ሲታይ በ27 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ስለምትዞር፣ ፈጣን ነፋስ የሚወጣበት የኮሮና (የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ) ቀዳዳ ዛሬ ፊት ለፊታችን ካለ ከ27 ቀን በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካው ማዕከል የ27 ቀን ሠንጠረዥም አንዱ መሠረቱ ይኸው ነው። ቀዳዳው በመካከሉ ሊጠብብ ወይም ሊከደን ስለሚችል ሠንጠረዡን አይቶ የባቡር ትኬት መለወጥ አያዋጣም። ይልቅስ በወሩ ይጽናኑ፤ በማርችና በሴፕቴምበር፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ የምድርና የፀሐይ መስኮች አቀማመጥ ለመጋጠም ስለሚመች የመግነጢስ መናወጥ ከሌሎቹ ወራት ይበዛል።

የስቶክሆልሙ ጉዳይ የተለየ ነው፤ በዚህ ላይ ከኪሩናው ወንድማችን በጥቂቱ እለያለሁ። ኬፒ ለአቢስኮ የማይረባ ቢሆንም በ59 ዲግሪ ኬክሮስ ለምንኖር ሰዎች አሁንም ጠቃሚ ማጣሪያ ነው። እንደ አጠቃላይ መመሪያ ኬፒ 5 ሲደርስ፣ ማለትም ጂ1 የሚባለው ዝቅተኛው የማዕበል ደረጃ ሲታወጅ፣ በሰሜን አድማስ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ 6ና 7 ሲሆን ወደ ላይ ከፍ ይላል። ችግሩ ኬፒ የሦስት ሰዓት ቁጥር በመሆኑ ፍንዳታው አልፎ ቁጥሩ ሊቀር መቻሉ ነው። ለዚህ የፖትስዳሙ ማዕከል በየ30 ደቂቃው የሚሰላ ኤችፒ30 የሚባል ተመሳሳይ መለኪያ ያወጣል፤ በእኔ አስተያየት ለከተማ ሰው ከኬፒ የተሻለ ነው።

ትልቁ ዕድል የሚመጣው ፀሐይ የጋዝና የመግነጢስ ክምችቷን ወደ ምድር አቅጣጫ ስትወረውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የመጠቀችው ሶሆ የተባለች መንኮራኩር የፀሐይን ፊት በዲስክ ጋርዳ በዙሪያዋ የሚወረወረውን ስለምታነሣ፣ ውርወራው ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የመዘጋጃ ጊዜ ይኖራል። የመድረሻ ሰዓቱ ትንበያ ግን በ10 ሰዓት ያህል ቢስት የተለመደ ነው፤ ከዚህም በላይ የተወረወረው ክምችት መስኩ ወደየት እንዳዘነበለ የሚታወቀው 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ላይ ካሉት ሳተላይቶች ሲደርስ ብቻ ነው። በዜና ላይ «ዛሬ ሌሊት ታላቅ ኦሮራ» ተብሎ ምንም ሳይታይ የሚነጋው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2024 ከአንድ የፀሐይ ነቁጥ ቡድን በተከታታይ የተወረወሩ ክምችቶች ተደራርበው ሲደርሱ ኬፒ 9 ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ የመጀመሪያው የጂ5፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ፣ ማዕበልም ሆነ፣ ብርሃኑም እስከ ደቡብ አውሮፓ ታየ።

ለስቶክሆልም የሚመለከቱት ማግኔቶሜትር የኪሩናውን አይደለም። የጂኦሎጂ ጥናት ተቋሙ እዚህ ኡፕሳላ አጠገብ ያለው ጣቢያ ወይም የፊንላንድ ሜትሮሎጂ ተቋም ሄልሲንኪ አካባቢ፣ ኑርሚየርቪ ላይ ያለው ጣቢያ ለእርስዎ ኬክሮስ ይቀርባል። ግራፉ ሲናወጥ ካዩ ወደ ሰሜን ውኃ ወይም ሜዳ የተዘረጋለት፣ የከተማው መብራት ከኋላዎ የሚቀርበት ስፍራ ይሂዱ።

ምላሽ፦ ከአዲስ አበባ

ምናልባት እናትዎ «ይህ ብርሃን እኛ አገር ለምን አይመጣም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ በዚያ መስመር ላይ የመግነጢስ መስኩ ከመሬት ጋር ጎን ለጎን ስለሚተኛ፣ በዋልታ አካባቢ ብርሃኑን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች ወደ እኛ የሚወርዱበት መንገድ የለም። ማዕበሉ ራሱ ግን ይደርሰናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ የምድርን መግነጢስ ሲለካ የኖረ ሲሆን፣ መረጃውም በዓለም አቀፉ የጣቢያዎች መረብ ውስጥ ይገባል።

ምላሽ፦ ኪሩና ነዋሪ

የኡፕሳላው ተማሪ ስለ ኬፒ ያሉትን ለስቶክሆልም እቀበላለሁ። አንድ ያልተነሣ ነገር ላክል፦ የሳተላይቶቹም የማግኔቶሜትሮቹም ግራፎች አብዛኞቹ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ የተጻፉ ናቸው። ስዊድን በክረምት ከዩቲሲ አንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ የማርች የመጨረሻው እሑድ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት። ግራፉ 20:00 ላይ ቢናወጥ በእናንተ ሰዓት 21:00 ነው፤ እናትዎ በሚያውቁት አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት።

የእጅ ስልክዎን ካሜራም እንደ አንድ መሣሪያ ይቁጠሩት። በጨለማ ዓይናችን ደካማ ቀለምን ስለማይለይ ደብዛዛው ቅስት ነጣ ያለ ደመና ሊመስልዎ ይችላል። ስልኩን በሌሊት ማንሻ ስልት ላይ አድርገው፣ ግድግዳ ወይም አጥር ላይ አስደግፈው ከ3 እስከ 10 ሰከንድ ቢያነሡ፣ ኦሮራ ከሆነ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ ደመና ከሆነ ግራጫ ወይም ከመንደሩ መብራት የተነሣ ብርቱካናማ ይሆናል። ይህን ፍተሻ ከበሩ ላይ ሆነው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መፈጸም ስለሚችሉ፣ እናትዎን በሐሰት ማንቂያ ደጋግመው ከማስወጣት ያድንዎታል። ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚጨርስ ስልኩን በፍተሻዎች መካከል ውስጠኛ ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት። ጨረቃ ሙሉ ብትሆንም አይስጉ፤ ደካማውን ብርሃን ብታደበዝዝም ደማቁን አትሸፍነውም፣ ለአረጋዊ ሰው ደግሞ በበረዶው ላይ የሚረግጡበትን ታሳያለች።